የሚካኤል ዕለት ኩበት

የአስታ በር ሰው የጎረቤቱን ኑሮ የሚለካው በጎተራው ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግን በኩበት ጎጆው መለካት ጀመረ። ኩበት! ላም ጥላው የምትሄደው፣ ፀሐይ በነጻ የሚያደርቀው ኩበት ገበያ ወጥቶ ዋጋ ተጠራበት ብላችሁ ለቀድሞ ሰዎች ብትነግሯቸው "አብዳችኋል እንዴ?" ባሏችሁ ነበር። ግን ሆነ።

ነገሩ የመጣው ከሩቅ ነው። ዐረቦች ነዳጃቸውን ዘጉ አሉ፤ ከማን ተጣልተው፣ በምን ጠብ፣ የአስታ በር ሰው አያውቅም። ያወቀው ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ጓዴ የሚባለው ነጋዴ ሱቅ ውስጥ የላምባው ጠርሙስ ዋጋ በገና ዘሎ በሁዳዴ ደግሞ እንደገና መዝለሉን ነው። ወጣቸውን በላምባ ምድጃ ያሞቁ የነበሩ የከተማው መምህራንና ጸሐፊዎች፣ ፖሊሶቹም ጭምር፣ ምድጃቸውን አልጋ ሥር ገፍተው እንጨት ፍለጋ ወጡ። እንጨት ደግሞ የት አለና! ተራራው ከተራቆተ ስንት ዘመኑ ነው። ባሕር ዛፉ የባለ ርስቶቹ ነው፤ እነሱ ደግሞ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ መጨመርን ማንም አላስተማራቸውም፣ ከእናታቸው ሆድ ያውቁታል። ስሙኒ የነበረው ሸክም ሽልንግ ገባ። ለእንጨት ያልደረሰ ወደ ኩበት ዞረ።

ያኔ ገበሬው ነቃ። ትናንት "ልቀሙ፣ መስኩን ታጸዱልናላችሁ" ሲል የነበረው ሁሉ "የላሜን ኩበት ማን ነክቶ!" ማለት ጀመረ። ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ከብቱን ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። እበቱ ገና ትኩስ ሳለ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ድንጋይ ያለበት እበት ባለቤት አለው ማለት ነው። የሌላዋን ድንጋይ አንስታ የጣለች ሴት ጸጉሯን ተይዛ ትጎተታለች። ሲጎተቱም ታይተዋል።

እሺ፣ ከብት የሌላት ሴትስ ምን ትሁን?

አዛለች ከብት አልነበራትም። ባሏ ቄስ ወልደ ሰንበት የአስታ በር ሚካኤል አገልጋይ ናቸው፤ አንዱ በሬያቸው ገደል ገባ፣ ሌላው ለመድኃኒት ተሸጠ፣ የቅስና መሬታቸውን ሌላ ሰው በእኩል ያርሰዋል። ልጅ አልቆየላቸውም። ቄሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ቆመው ሲያገለግሉ ብርዱ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ባለፈው ክረምት ሳላቸው ደም እስኪቀላቅል ጠናባቸው፤ ያንን ሐምሌ ያለፉት አዛለች ቀንም ሌትም እሳት ስላላጠፋች ብቻ ነው። ደብረ ታቦር ያያቸው ሐኪም መርፌ ወጋቸውና "እኚህን ሰው ብርድ እንዳይነካቸው" ብሎ ሸኛቸው። እንዲህ ማለት ለእሱ ቀላል ነው! ጉና ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ብርድ አይንካህ ይባላል?

ስለዚህ የአዛለች ሐሳብ አንድ ነበር። ሰኔ ሳይገባ የኩበቷ ጎጆ እስከ አፉ መሙላት አለበት። ዝናቡ አንዴ ከያዘ ኩበት አይደርቅም፣ እንጨቱም ያለቅሳል እንጂ አይነድም። ጎጆው ከሞላ ወልደ ሰንበት መስቀልን ያያሉ፤ ካልሞላ አያዩም። ይህን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም።

ያላደረገችው የለም። ድሮ ጠላ ጠምቃ ቅዳሜ ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ትሸጥ ነበር፤ አሻሮው ሲታመስ፣ ቂጣው ሲጋገር የሚበላው እንጨት የጠላውን ዋጋ ሲበልጥ ጊዜ ጋኗን ደፍታ አስቀመጠች። ኩራዙን ከሁዳዴ ወዲህ አላበራችም፤ ቄሱ ዳዊታቸውን በቃላቸው ስለሚያውቁት በጨለማ ይደግማሉ፣ እሷም በጨለማ ትፈትላለች። ወጥ የሚባል ነገር ተረሳ። አንድ ቀን ገብስ ትቆላና ትፈጨዋለች፣ ሳምንቱን በሶ በውኃ በጥብጠው ያድራሉ። ከጎረቤቷ ከስንዱ ጋርም ተስማሙና ዛሬ በአንዷ ምድጃ፣ ነገ በሌላዋ ተራ ገብተው ያበስላሉ። ስንዱ ወጣት ናት፣ ምላሷም አያርፍም።

"እትዬ አዛለች፣ ዘንድሮኮ አገባች የምትባለው ባል ያላት ሳትሆን ላም ያላት ናት!" ትላለች ድስቷን እያማሰለች።

"አፍሽን ያዢ! ቄሱ ይሰማሉ" ትላታለች አዛለች፤ እሷም ግን ትስቃለች።

አጥሯን ነቅላ አነደደችው። የፈረሰውን የበሬ ቤት ማገሩን አንድ በአንድ መዝዛ ጨረሰችው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀንበር ልታወርድ ስትል ግን ቄሱ ከመደባቸው ቀና አሉና "እሱን እንኳ ተዪልኝ፣ በሬ የምገዛ እየመሰለኝ ልኑርበት" አሏት። ተወችው፤ ጓሮ ዞራ ግን አለቀሰች።

ግንቦት ሲገባ ጎጆው ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር።

የአስታ በር ሰው ቅዱስ ሚካኤልን አጥብቆ ነው የሚያከብረው። አባቶቻቸው ሰብላቸውን ከበረዶ እንዲጠብቅላቸው ተስለውለታል፤ በየወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንኳን ሞፈር መርፌም አይነሳም። ውኃ መቅዳት ይቻላል፣ ከብት ማሰማራት ይቻላል። መፍጨት፣ መፍተል፣ እንጨት መልቀም፣ ኩበት መልቀም ክልክል ነው። ይህን ደግሞ ከቄስ ሚስት በላይ ማን ያውቃል?

በዚያ ወር የሚካኤል ዕለት አዛለች ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ስትመለስ በመስኩ በኩል አቋረጠች። ወይ ጉድ! መስኩ ሞልቷል፤ ትናንት እሑድ ነበር፣ ከቅዳሜ ወዲህ ለቃሚ አልወጣበትም። የትናንቱ፣ የትናንት ወዲያው፣ የደረቀው ኩበት እንዳለ ተኝቷል፤ የሚለቅም የለ፣ የሚከተል የለ፣ ድንጋይ የተጫነበት አንድም የለ። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው። ነገ ማለዳ እነዚያ ሁሉ ሴቶች ይፈስሱበትና ለእሷ ፍርፋሪ አይተርፋትም። ቆመች። ብዙ ቆመች።

"ማጭድ አልያዝኩ፣ ዶማ አልያዝኩ" አለች ለራሷ። "ከመሬት ማንሳት ሥራ ነው እንዴ? ወድቆ ያገኙትን ማንሳት..." ሥራ መሆኑን ታውቃለች። ባሏ ስንት ጊዜ በዐውደ ምሕረት ሲያስተምሩ ሰምታለች። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረችና፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንደሚጨቃጨቅ ሆና "ሚካኤል፣ የታመሙት አንተን ሲያገለግሉ ነው! ከአንተ ደጅ ነው ብርዱን ይዘው የመጡት። እኔ ከየት ላምጣ?" አለችው። ቤቷ ሄዳ ትልቁን ቅርጫት አመጣች።

ቅዳሴው እስኪወጣ ተመላለሰች። ወገቧ እስኪቆረጥ ለቀመች፤ ከቀድሞው ጋር መለየት እስኪያቅት ተደባልቆ ጎጆው ሞላ፣ የተረፈውን መደቡ ሥር ከመረችው። ማንም አላያትም።

ያን ቀን ማታ እሳቱን ሳትሰስት አነደደችው። ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው "ዛሬስ ደግሰሻል! ከየት አመጣሽው?" አሏት።

"እግዜር ሰጠና" አለች፣ ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳደረገች።

"ስሙ ይመስገን" አሉና ሞቁ። ሌሊቱን ሙሉ አልሳሉም። እሷ ግን ሲተነፍሱ ስትሰማ ነቅታ አነጋች፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት አላወቀችውም።

በረዶው የወረደው በዚያው ሳምንት ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በጉና በኩል ጠቆረና መጣ። የበልጉ ገብስ አሽቷል፤ ሰዉ ማጭዱን እየሳለ ነበር። መጀመሪያ ባቄላ የሚያህል ወረደ፣ ቀጥሎ የዶሮ እንቁላል አከለ። ሲያባራ ገብስ የነበረበት ሁሉ ከብት የዋለበት ጭቃ መስሏል። ወንዶቹ ማሳቸው ዳር ቁጭ ብለው ራሳቸውን ያዙ። ሴቶቹ የሰው ሬሳ የወጣ ያህል አለቀሱ። አዛለች ደጃፏ ላይ ቆማ በበረዶ የነጣውን መሬት አየችና ሄዳ የኩበቱን ጎጆ በር ዘጋችው።

አስታ በር ያለችበትን ጋይንትን በረዶ ሲመታው የመጀመሪያው አይደለም፤ ከዚያ በፊት መትቶታል፣ ከዚያም በኋላ መትቶታል። እሷ ባትለቅም ይቀር ነበር? ማን ያውቃል! የራበው ሰው ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። "በዓል የሻረ አለ" ተባለ፤ ጭቃ ሹሙ አቶ እንየውም አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት አገሩ ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ በደለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ፣ ማንም ወደ ሥራው የማይሄድበት ሸንጎ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከትልቁ የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አንድ በአንድ እየተነሡ "በሚካኤል ዕለት የሠራ አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አልሠራሁም" እያሉ ማሉ። ወንዶቹ ማሉ፣ ሴቶቹ ማሉ፣ ስንዱም ማለች። አዛለች ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። አቶ እንየው ግን እጃቸውን አወናጨፉና "እሷ የቄስ ሚስት ናት፣ እሷን ደግሞ ምን ልትሉ ነው? እለፉ!" አሉ። አለፏት። መዋሸት እንኳ አላስፈለጋትም።

በማግስቱም ተሰበሰቡ፤ የወጣ የለም። ሽማግሌዎቹ "እንግዲህ ግዝት ነው የቀረው" አሉ። ሌላው የደብሩ ቄስ፣ ጎልማሳው ቄስ ሀይሉ ነበሩ፣ ነገር ግን አገሩ የሚፈራው የቄስ ወልደ ሰንበትን አፍ ነው። ከመደባቸው አንስተው በቃሬዛ አመጧቸው። ጋቢ ደራርበው ጽዱ ሥር አስቀመጧቸው። አዛለች ከሴቶቹ መሐል ሆና ከንፈራቸው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ታያለች።

አቶ እንየው ተነሡና "አባታችን፣ የሠራውን ብቻ አይሁን። አይቶ የደበቀውንም፣ በዚያ ሥራ የተጠቀመውንም ይጨምሩበት" አሉ።

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። ድምፃቸው ከዚያ ከደከመ ደረት ውስጥ ከየት እንደወጣ እንጃ፣ ጥርት ብሎ ተሰማ። "በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም! በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን! የቅዱስ ሚካኤልን ዕለት የሻረ፣ አይቶ የሸሸገ፣ በሠራው የበላ፣ በሠራው የሞቀ፣ እንደ አርዮስ፣ እንደ ንስጥሮስ ውጉዝ ይሁን!"

"ይሁን!" አለ አገሩ።

"ይሁን" አለች አዛለችም። ሰው ሁሉ ያለውን ምን ትበል? በሠራው የሞቀ ሲሉ ግን ነገሩ ገባት። በግዝቱ የገዛ ራሳቸውን አሰሩ። እሷ ያንን ሁሉ የተሸከመችው ለማን ሆነና! አቶ እንየው ደግሞ ቀጠሉና "ያ ሰው በተገኘ ቀን እሳትና ውኃ ይከልከል። እሳት የጫረለት፣ ደጁን የረገጠ ከእሱ ጋር ይቆጠር" አሉ። ይህም "ይሁን" ተባለ፤ ጉባኤውም ተበተነ።

ቄሱን ቤታቸው አምጥተው አስቀምጠው ሄዱ። ብርዱ ውስጣቸው ገብቷል፣ ጥርሳቸው ይጋጫል። "አዛለች፣ እባክሽ ቶሎ አንድጂልኝ" አሏት። እሷ ጭራሮ ለቃቀመች፣ ጥቂት የባቄላ አገዳ ጨመረች፤ ቦግ ብሎ ጠፋ። ደግማ ለቃቀመች። ቄሱ አዩዋት።

"ምነው? ጎጆው ሙሉ ነው ብለሽኝ የለም? ኩበቱን ለማን ልታስቀምጪው ነው?"

እዚያው ምድጃው አጠገብ ተደፋች። "ወዮልኝ ቄሴ! ወዮልኝ! እኔ ነኝ! የሚካኤል ዕለት የለቀምኩት ነው። እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው። በግዝቱ ራስዎን አሰሩ፣ ምነው ቀድሜ በተናገርኩ!"

ቄሱ አልጮኹባትም። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ሄዱና በሩ ሥር፣ ነፋሱ በሚገባበት፣ ከእሳቱ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

"ነገሩ ቀላል ነው" አሏት። "ግዝት የሚፈታው በገዘተው አፍ ነው። በደሉ ግን በዚያው ጉባኤ ፊት መነገር አለበት። እሑድ ወጥተሽ ተናገሪ፣ እኔ እፈታሻለሁ፣ እኔም አብሬሽ እፈታለሁ።"

"ከዚያስ? እሳት ሊከለክሉን? ሰኔ ላይ እሳት ከልክለውን፣ ውኃ ከልክለውን፣ መሬቱን ወስደውብን? አንቱን ልቅበርዎት?"

"እኔ አልናገርብሽም። ያንቺ አፍ ነው። በዚያ ኩበት ግን አልሞቅም።"

እንዲህ ሆነው ሰኔ ገባ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ጉም ቤት ድረስ ይገባል። ቤቱ ውስጥ እሳት አለ፤ አዛለች ግትር ሆና በየቀኑ ታነድደዋለች፣ ምናልባት ዛሬ ይሸነፉልኝ ይሆናል ብላ። ቄሱ ደግሞ በየቀኑ በሩ ሥር ይቀመጣሉ። እሳቱ እዚህ፣ የሚበርደው ሰው እዚያ። ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ እግራቸው ላይ ትወድቃለች። "ምነው ጨከኑብኝ! ለአንቱ ብዬ የሠራሁትን በአንቱ ላይ ሊያደርጉት ነው?" ትላለች። እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ሳላቸው ተመለሰ። ብድግ ብላ መናገር ነበረባት የሚል ይኖራል፤ እሱ በሰኔ ዝናብ የታመመ ባል ይዞ አገር ሁሉ ፊቱን ያዞረበት ሰው አይደለም። ፈራች። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ ሄዳ፣ የሰዉን የከሳ ፊት አይታ፣ የረገፈውን ገብስ አስባ ተመለሰች።

በመጨረሻ ለጥምቀት የምትለብሰውን ጥልፍ ቀሚሷን ይዛ ንፋስ መውጫ ወረደች። ሸጠችው። እንጨት ተራ ሄዳ ዋጋ ስትጠይቅ አልሰማችም መስሏት ደግማ ጠየቀች። ሽልንግ የነበረው ሸክም ብር አልፏል።

"ምነው ወንድሜ፣ እንጨት ነው ወይስ ጨው?" አለችው ሻጩን።

"እናቴ፣ ነገ ከዚህም ይብሳል። ካልፈለግሽ የሚወስድ ሞልቷል" አላት፣ ፊቷን እንኳ ሳያይ።

ከቀሚሷ ዋጋ የተረፈ አልነበረም። እንጨቱን በጀርባዋ አዝላ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዳገት ወደ ቤቷ ወጣች። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ያጨሳል፣ ይንጫጫል፣ እየተለመነ ይነድዳል። ቢሆንም ቄሱ ሲያዩት ተነሥተው መጡና እሳቱ ሥር ተቀመጡ። እግራቸውን ዘረጉ። አዛለች ጋቢያቸውን እየጠቀለለችላቸው ፊታቸው ሲፈታ አየችና ልቧ ሞላ። ጎረቤት ቢያያት ሙሽራ ናት ይላት ነበር።

እንጨቱ ግን የሚቆይ አልሆነም። እያጠፋች እየቆጠበች ብታነድደውም አለቀ። የሚሸጥ ቀሚስ ሁለተኛ የላትም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፍልጦች በያዘች ቀን፣ ቄሱ ሲያንቀላፉ ጠብቃ፣ ከሥር ኩበት አደረገችና ፍልጡን ከላይ ጋደም አደረገችበት። ተያያዘ። ሙቀቱ ቤቱን ሞላው። ሰው የኩበትን ጭስ ሽታ ይረሳል ብላ ተስፋ ማድረጓ! ጋይንት ተወልዶ ያደገ ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ያውቀዋል። ቄሱ ዓይናቸውን ገለጡ። አዩዋት። በእጃቸው እየዳሁ፣ እየሳሉ፣ እየቆሙ ወደ በሩ ሄዱ።

እሷ ያን ጊዜ ተሸነፈች። እሳቱን በውኃ አጠፋችውና አጠገባቸው በሩ ሥር ተቀምጣ "እሺ። በቃኝ። የፊታችን እሑድ እናገራለሁ። እሳቱንም ይከልክሉን፣ መሬቱንም ይውሰዱት" አለቻቸው።

ቄሱ እጇን ያዙ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። "ያኔ እሞቃለሁ" አሉ። "እሑድ ሁለታችንንም እፈታለሁ፣ ከዚያ ያንን ኩበትሽን ሁሉ አንድጂው፣ አብረን እንሞቃለን።" ፈገግም አሉ። እንዲህ ፈገግ ሲሉ ካየች ስንት ጊዜዋ ነው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሞቱ። እሷ እሑድን ነበር የምትጠብቀው።

አገሩ ወጣ። ከበረዶው ወዲህ የጠገበ ሰው ባይኖርም የቄሳቸውን ቀብር አላሳነሱም፤ እያንዳንዱ ከቤቱ እፍኝ ባቄላ፣ እፍኝ ስንዴ አዋጥቶ ለለቀስተኛው ንፍሮ ይቀቀል ተባለ። እህል አዋጡ። እንጨት ግን በዚያ ዘመን ማን ያዋጣል? ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ ሴቶቹ በጓሮው ዝናብ ከሚያሳልፈው ዳስ ሥር ትልቁን ድስት ጥደው ነበር። ማሬ የምትባል ጉልበታም ሴት የኩበቱን ጎጆ በር ከፈተችና እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

"ኧረ ኑ እዩ! ይሄ ሁሉ ተርፎ አለ! ለካ ለዚህ ቀን ነው እግዜር ያስቀመጠው!"

በጉያቸው እያቀፉ አወጡት። አዛለች ከለቀስተኛው መሐል ተቀምጣ፣ ፊቷ ተፍቆ፣ የሚሆነውን አታይም ነበር። ሽታው አነቃት። ቀና ስትል ኩበቱ ተያይዟል፣ የበሰበሰው ሰው ሁሉ እሳቱን ከብቦ እጁን ሊዘረጋ ነው። በሠራው የበላ፣ በሠራው የሞቀ። የሚፈታው አፍ ከአፈር በታች ነው።

"አትንኩት!" ብላ ጮኸች። "ከእሳቱ ራቁ! አትሙቁ!"

"አበደች" አለ አንዱ።

ማሬ ወገቧን ያዘች። "እትዬ አዛለች፣ ኩበት ዋጋው ጨምሯል እናውቃለን። ግን በራስ ባል ቀብር ይሰሰታል? እኛኮ ከሌለን ነው ያዋጣነው!"

"አልሰሰትኩም" አለች አዛለች። ተነሣች። "ግዝት አለበት። የሚካኤል ዕለት የለቀምኩት ነው። እኔ ነኝ በዓል የሻርኩት። እሳቸው ካወቁ ወዲያ አልሞቁበትም፤ በብርድ ነው የሞቱት። እናንተም አትሙቁበት።"

እጃቸውን የዘረጉት ሰበሰቡ። አንዲት ሴት ልጇን ከእሳቱ አጠገብ መንጭቃ ወሰደች። ከዚያ ስንዱ፣ ያቺ ምላሰኛዋ ስንዱ፣ ቃል ሳትናገር እንስራ አነሣችና በእሳቱ ላይ ውኃ ደፋችበት። ንፍሮው ገና ግማሽ ጥሬ ነበር። እህሉን ከእነ ውኃው በየቅሉ ተከፋፍለው፣ ድስታቸውን ይዘው ሄዱ። ቄስ ሀይሉ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር።

"አባቴ፣ ይፍቱኝ" አለቻቸው።

"የገዘተው አፍ ተዘግቷል" አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። "እኔ ልፈታው አይቻለኝም። ጎንደር ወርደሽ ሊቃውንቱን ጠይቂ።" ጎንደር! በዚያ ክረምት፣ በእግሯ፣ ያለ ስንቅ! እሳቸውም መሄድ እንደማትችል ያውቁታል። ጥላቸውን ዘርግተው ወጡ።

ከዚያን ቀን ወዲያ የአዛለችን ደጅ የረገጠ የለም። እሳት የሚጭርላት የለም፤ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ዞር ይላሉ። የተረፈው ኩበት ጎጆው ውስጥ እንደተከመረ ተቀምጧል። እሷ ከጎኑ ጥሬ ገብስ እያኘከች ትውላለች። የጎረቤት ልጆች ሲያልፉ ጭስ የማይወጣበትን ጣሪያ በጣታቸው ያሳያሉ።

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ዝናቡ ባየለበት አንድ ቀን፣ ስንዱ በጓሮ በኩል ዞራ መጣች። ደጁን እንዳትረግጥ ተጠንቅቃ፣ አጥር በነበረበት ቦታ ቆማ፣ ከጡቷ ሥር አንድ ክብሪት አወጣችና በጨርቅ ጠቅልላ ወረወረችላት።

"እትዬ አዛለች! እሳት አልጫርኩልሽም፣ ደጅሽንም አልረገጥኩም። ክብሪት ነው፣ ከጓዴ ሱቅ የገዛሁት። ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም። እባክሽ አንድጂ! አንቺስ እንግዲህ ከዚህ የባሰ ምን ልትሆኚ?"

አዛለች ክብሪቱን ከጭቃው አነሣችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ እስከ ድንበሩ መጣችና መልሳ ለስንዱ ዘረጋችላት።

"ውሰጂው የኔ ልጅ፣ ዘንድሮ ክብሪትም ተወዷል" አለቻት። "እኔ ለራሴ መቼ እሳት ፈልጌ አውቃለሁ።"